በ823 ዓመት አንዴ? ማን ቆጠረው?

አምስት ዓርብ፣ አምስት ቅዳሜና አምስት እሑድ ያለው ወር በ823 ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል የሚለው መልእክት አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ለ10 ሰው የላከ ገንዘብ ያገኛል፣ ያልላከ ይቀርበታል። ዲግሪ የጫነውም ያስተላልፈዋል። ሐይቅ ከተማም ይገባል፤ ሊቃውንት ዘመን ሲቆጥሩ ከኖሩበት ገዳም አጠገብ ማለት ነው።

ውሸት ነው። በእኛ አቆጣጠር እንዲያውም ጨርሶ ሊሆን አይችልም። ወራችን 30 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ደርሶ 2 ይተርፋል። ስለዚህ በአንድ ወር አምስት ጊዜ የሚመጡት ሁለት ዕለታት ብቻ ናቸው፤ ለሦስተኛ ቦታ የለም። በፈረንጆቹም ባለ31 ቀን ወር ዓርብ ከጀመረ ይበቃል። ማርች 2024 እንዲያ ነበር፣ ኦገስት 2025ም እንዲሁ። በመካከላቸው ያለው 17 ወር ነው።

823 ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም ሳይተርፍ አይካፈልም። ለ4 እንቢ፣ ለ7 እንቢ። አራቱን ወንጌላውያንም ሰባቱን ዕለታትም የማያውቅ ቁጥር የእኛን ዘመን እንዴት ሊያዞር ነው?

እውነተኛውን ቁጥር የአብነት ተማሪ ያውቀዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማእከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ይነገራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ 4ን በ7 አባዝቶ 28 ይላል፤ ዕለትና ዘመን የሚገጥሙበት ነው። የጨረቃው ዐውደ አበቅቴ 19 ነው። 28 እና 19 የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው የሚመለሱት ከ532 ዓመት በኋላ ነው፤ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። በቀን 194,313 ይሆናል፤ ልክ 27,759 ሳምንት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይተርፍ። ፋሲካውም ጾሙም ዕለቱን ይዞ ይመለሳል። 2018 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ ዐቢይ ቀመር 14 ጊዜ ሞልቶ 70ኛው ዓመት ላይ ነን።

ይህን የሰማ ጉረኛ ደግሞ «ዓለም ያላወቀው የኢትዮጵያ ምስጢር» ብሎ ሊለጥፈው ይነሣል። እሱም ይረፍ። ትውፊቱ ራሱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጣል፤ የአኲቴኑ ቪክቶሪየስም በ457 ለአውሮፓ የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲሠራ 532ን ተጠቅሟል። የእኛ ድርሻ እስከዛሬ በሥራ ላይ ማዋላችን ነው፣ እሱም ትንሽ አይደለም።

ግን ይህ ሁሉ ስለ አንድ የስልክ ቀልድ ነው ለሚል፦ «ለ10 ላክ» የሚለው ትእዛዝ ቢፈጸም በ9ኛው ዙር 1 ቢሊዮን ሰው ይፈልጋል። በዚያው ስልክ «ብር አስገባ፣ ሁለት ሰው አምጣ፣ እጥፍ ትወስዳለህ» የሚለውም ይመጣል። ሁለት ሁለት እያሉ 27ኛው ዙር ላይ ሲደረስ መምጣት ያለበት አዲስ ሰው 134,217,728 ነው። ሕፃናቱን ሁሉ ቆጥረን እንኳ አገሪቱ ባዶ ትሆናለች፤ ብሩን ያስገባው ሰው ግን ገና 28ኛውን ዙር እየጠበቀ ነው።