ሊግም ሆነ ፌዴሬሽን ከአገር ሕግ በላይ አይደለም



ዓለም አቀፍ የስፖርት ማኅበራት በራሳቸው ደንብ ይመራሉ፤ ደንቡ ግን የአገር ሕግ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ይሠራል። ባለፈው እትማችሁ «እግር ኳስ የራሱ ዳኛ ስላለው ፍርድ ቤቶች እጃቸውን ይሰብስቡ» በሚል የቀረበው ሐሳብ ይህን መሠረት ስቷል። ፊፋ ራሱ በስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተቋቋመ ማኅበር እንጂ መንግሥት አይደለም።

የቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ይበቃል። በ1990 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከአር.ኤፍ.ሲ. ሊዬጅ ጋር የነበረው ውል ሲያልቅ፣ ክለቡ ደመወዙን ወደ ሩብ የሚያወርድ ውል አቀረበለት። ተጫዋቹ እምቢ ብሎ ከፈረንሳዩ ደንከርክ ጋር ተስማማ። ሊዬጅ ግን ደንከርክ የዝውውር ክፍያውን መክፈል መቻሉን ተጠራጠረና የዝውውር የምስክር ወረቀቱ እንዲላክ ሳይጠይቅ ቀረ። ውሉ ያለቀ ሠራተኛ በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሥራ አጣ! የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 1995 በሰጠው ውሳኔ፣ ውሉ ያለቀ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ የዝውውር ክፍያ መጠየቅን ከለከለ። ክለቦች የሚያሰልፏቸውን የሌሎች አባል አገሮች ዜጎች ቁጥር የሚገድበውን ኮታም ሻረ።

«ፍርድ ቤት ከገባበት ጨዋታው ይፈርሳል» የሚለው ስጋት ያኔም ተነግሮ ነበር፤ ጨዋታው ግን አልፈረሰም። የኦፍሳይድን መስመር ላስምር ያለ ፍርድ ቤት የለም፤ ጥያቄው የሥራ፣ የደመወዝና የገበያ ነው። በአሥር አገር ቅርንጫፍ ያለው ባንክ የአሥሩንም አገር ሕግ ያከብራል፤ በየአገሩ የቴሌቪዥን መብት የሚሸጥ ሊግ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታይም።

ከቦስማን ወዲህም ያው ታሪክ ተደግሟል። ሎኮሞቲቭ ሞስኮ በ2014 የላሳና ዲያራን ውል ካቋረጠ በኋላ፣ ተጫዋቹ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተፈረደበት። የፊፋ ደንብ አዲስ ክለቡንም የዕዳው ተካፋይ ያደርግ ስለነበር የቤልጂየሙ ክለብ ቻርለሯ ሊያስፈርመው ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2024 ይህ ደንብ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። በ2015 የፊፋ ሹማምንት በጉቦ ተጠርጥረው ዙሪክ ውስጥ ሲያዙም ክሱ የአሜሪካ ነበር፤ ከተጠረጠረው ጉቦ ብዙው በአሜሪካ ባንኮች አልፏልና።

የአፍሪካ ተጫዋችና ፌዴሬሽን ግን እንዲህ ያለ ከለላ የላቸውም። በ2008 የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በአመራር ውዝግብ ታግዶ ብሔራዊ ቡድኑ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲሰረዝ፣ ቅጣቱ ያረፈው በውዝግቡ እጃቸው በሌለበት ተጫዋቾች ላይ ነው። በአንጻሩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኦገስት 2025 በቤልጂየሙ ሴሬን ክለብ ጉዳይ፣ የሎዛኑ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔ በኅብረቱ አባል አገሮች ፍርድ ቤቶች ሊመረመር እንደሚገባ አረጋግጧል። የአፍሪካ አገሮችም በጋራ ሊጠይቁት የሚገባው ይህንኑ መብት ነው።