የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሪፖርት አጻጻፍን አስመልክቶ ከድሬዳዋ የፊዚክስ መምህራን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በድሬዳዋ ከተማ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ፊዚክስ የምናስተምር የመምህራን ማኅበር አባላት፣ የተማሪዎቻችን የላብ ሪፖርት በሚጻፍበትና በሚታረምበት መንገድ ላይ ተወያይተን የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

ተማሪ በሪፖርቱ ማስፈር ያለበት ራሱ የለካውን ቁጥር ነው። በተግባር የምናየው ግን ሌላ ነው። የፔንዱለም ሙከራ ተሠርቶ ሪፖርት ሲሰበሰብ፣ የየቡድኑ ስቶፕዎች የተለያየ ጊዜ መዝግቦ ሳለ፣ የስበት አክስለሬሽን፣ ተማሪዎች «ጂ» የሚሉት፣ በሁሉም ወረቀት ላይ 9.8 ወይም 9.81 ሆኖ ይመጣል።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡም ሆነ ወደ ላይ ሲወጡ ጂ ስለሚቀንስ፣ በከተማችን ዋጋው ወደ 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይጠጋል። 9.80665 የሚለው መደበኛ ዋጋ በ1901 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተወሰነ እንጂ በሰፈሮቻችን በከዚራ ወይም በሳቢያን የተለካ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሁሉም 9.78 ይጻፍ ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም 20 ጊዜ ለመመላለስ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስቶፕዎቹን የሚጫነው ጣት 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት ጂ በአንድ በመቶ፣ ማለትም በ0.1 ገደማ ይዛባል። በ9.78 እና በ9.81 መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ «9.7፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ «9.81» ብሎ ካስረከበው ይልቅ ፊዚክስ ገብቶታል ብለን እናምናለን።

ውሃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ ሪፖርቶች ላይ ግን 100 ተብሎ ይጻፋል። ሙቀቱ 32 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመጽሐፍ የሚቀዳው 340 ደግሞ 15 ዲግሪ ለሆነ አየር የሚሠራ ነው። በመሆኑም የክፍሉ ሙቀት ያልተመዘገበበትን የድምፅ ሙከራ ሪፖርት እንደ ተሟላ አንቆጥርም።

የችግሩ ዋና መንስኤ ማርክ ለ«ትክክለኛው መልስ» መሰጠቱ ነው። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ የአምናውን ሪፖርት ፎቶ ኮፒ አንስቶ ስም መቀየር ለተማሪው አጭሩ መንገድ ይሆናል። ለታወቀ መልስ የማድላት ፈተና ታላላቅ ሳይንቲስቶችንም ጎድቷል። ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘይት ጠብታ ለክቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዋጋ፣ ለአየሩ የተጠቀመበት የመዝለግለግ ልክ ትክክል ስላልነበረ ከእውነተኛው በጥቂቱ ያንሳል። ሪቻርድ ፋይንማን በ1974 እ.ኤ.አ. በካልቴክ ባደረጉት ንግግር እንዳስረዱት፣ ከሚሊካን በኋላ የለኩት ተመራማሪዎች ወደ ትክክለኛው ዋጋ የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። ውጤታቸው ከሚሊካን ዋጋ ሲርቅ ስህተት ይፈልጋሉ፤ ሲቀርብ ግን ያን ያህል አይመረምሩም ነበር።

በየሪፖርቱ መጨረሻ የምትጻፈውን «ሂውማን ኢረር» የምትል ቃልም ከእንግዲህ አንቀበልም። ተማሪው የትኛው መለኪያ፣ በምን ያህል፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንዳሳተው ይጻፍ። ለምሳሌ የክሩን ርዝመት ብቻ ለክቶ የኳሷን ሬዲየስ ከዘነጋ፣ ጂ ከሚገባው አንሶ ይወጣል። የፔሪየዱን ስኩዌር ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ቢያነጻጽር ግን መስመሩ በዜሮ ነጥብ ሳያልፍ ቀርቶ ጉድለቱን ያሳየዋል፤ ስሎፑን ወስዶ ቢያሰላ ደግሞ ትክክለኛውን ጂ ማግኘት ይችላል። አንድ ተማሪ ይህን በራሱ ግራፍ ላይ ሲያይ የሚማረውን ያህል በብላክቦርድ ማስተማር አይቻልም።

በሪፖርቱ ውስጥ ዓላማ፣ መሣሪያና የመሳሰሉት ክፍሎች በአጭሩ ይጻፉ። ፕሮሲጀር ከማኑዋል መገልበጥ የለበትም፤ የተደረገው ብቻ ይተረክ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ በማጥፊያ አይጥፋ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የብዙ ተማሪዎቻችን አፍ መፍቻ ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ ወይም ሶማልኛ ነው። ያየውን በእንግሊዝኛ መግለጽ የከበደው ተማሪ የሌላውን ዐረፍተ ነገር ይገለብጣል። ስለዚህ በሙከራው ሰዓት የሚያዘው ማስታወሻ በሚቀናው ቋንቋ እንዲሆን፣ የመጨረሻው ሪፖርት እንግሊዝኛም ቢሰባበር የራሱ እስከሆነ ድረስ ማርክ እንዳይቀነስበት ወስነናል።

ላልተሠራ ሙከራ ሪፖርት እንዲጻፍ መጠየቅ ተማሪን ውሸት ማለማመድ ነው፤ አባሎቻችን ይህን አይጠይቁም። የመሣሪያ እጥረት እንዳለ እናውቃለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ መሰጠቱም ትምህርት ቤቶች ለቤተ ሙከራ የሚሰጡትን ጊዜ እንደሚሻማ እናምናለን፤ የሚመለከታቸው የትምህርት አካላት የተግባር ምዘና በውጤቱ ውስጥ ድርሻ እንዲኖረው እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን የምድር ባቡር ዎርክሾፕ ባለሙያዎች የተሰበረውን የሎኮሞቲቭ ዕቃ ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው ቀርጸው ሲተኩ በኖሩባት ከተማ፣ ክር፣ ብሎን፣ ሜትርና የስልክ ስቶፕዎች ይዞ መጀመር ይቻላል።

ከመጪው መስከረም ጀምሮ በአባሎቻችን ክፍሎች ለመጽሐፉ ዋጋ መቅረብ ማርክ አያሰጥም። ማርኩ ለጥሬ መረጃው፣ ለግራፉና ለስህተት ትንተናው ይሆናል። መምህሩም ጥሬ መረጃው ባለበት ገጽ ላይ ተማሪው ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ይፈርማል፤ ፊርማ የሌለበት ሪፖርት አይታረምም።