ተቀምጦ የዋለ ሰው ምን ያደክመዋል?

በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከደመወዙ እያጠራቀመ አንድ ቢስክሌት ገዛ። አሳቡም ከሥራ መልስ በየማታው ከቤቱ በላይ ያለውን ዳገት እየወጣ ሰውነቱን ለማጠንከር ነበር። ቅዳሜ ጧት ሲሞክረው ከቢስክሌቱ ሳይወርድ እስከ ዳገቱ ጫፍ ይደርሳል። በሥራ ቀን ማታ ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳውና ቢስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ባለቤቱ በዚህ ነገር ትስቅበታለች። «ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ውለህ ምን ተሸክመህ ነው የደከምከው?» ትለዋለች። እርሱም መልስ ያጣል። እውነትም አንድ ጆንያ አላነሣም፤ አንድ ጉድጓድ አልቆፈረም፤ ከመዝገቡና ከኮምፒዩተሩ በቀር የነካው ነገር የለም። «ይህ ነገር በሽታ ይሆን ወይስ ስንፍና?» ብሎ ቢጠይቀኝ ለጊዜው የምመልስለት አጣሁና አጣርቼ እነግርሃለሁ ብዬ ተለያየን።

ሳጣራ ያገኘሁት መልስ ለወዳጄ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ለሚማረው ሠራተኛና ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ጧት ኳስ ሜዳ ለሚሰለፈው ተማሪም ስለሚሆን በዚህ ዓምድ ላቀርበው ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በዌልስ አገር፣ በባንጎር ዩኒቨርሲቲ፣ ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2009 ያሳተመው ጥናት ለዚያች ሴት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ለጥናቱ 16 ሰዎች ተመረጡ። እያንዳንዳቸውም በሁለት የተለያዩ ቀናት ወደ ላቦራቶሪው መጡ። በአንደኛው ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ እየተፈራረቁ ብቅ የሚሉትን ፊደሎች እየተከታተሉ፣ የተፈለገው ፊደል በተፈለገው ተራ ሲመጣ አንዱን ቁልፍ፣ ሳይመጣ ሲቀር ሌላውን ቁልፍ እንዲጫኑ ተደረገ። በሌላው ቀን ደግሞ ያንኑ 90 ደቂቃ ስለ ባቡርና ስለ መኪና የተሠራ ፊልም ሲመለከቱ ቆዩ። እንግዲህ በሁለቱም ቀን ሥራቸው መቀመጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ በማይንቀሳቀስ ቢስክሌት ላይ ወጥተው፣ ከከፍተኛው አቅማቸው ከመቶ 80 በሚሆን ኃይል፣ እስኪያቅታቸው ድረስ እንዲነዱ ታዘዙ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሴኮንድ፣ ማለት 12 ደቂቃ ከ34 ሴኮንድ ነዱ። ፊደል ሲጠብቁ በቆዩበት ቀን ግን የቻሉት 640 ሴኮንድ፣ ማለት 10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ብቻ ሆነ። ክብደት ያላነሣ፣ መንገድ ያልሄደ ሰው ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ጉልበት ወንበሩ ላይ ጥሎ ተነሣ ማለት ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሰልችቷቸው ለግመው ይሆናል እንጂ» ይል ይሆናል። ተመራማሪዎቹም ይህን አስቀድመው አስበውበት ስለ ነበር ከሁሉ በልጦ ለሚነዳው የገንዘብ ሽልማት መድበው ነበር፤ ለቢስክሌቱ ፈተና ያላቸውንም ፍላጎት ጠይቀው በሁለቱ ቀናት መካከል ልዩነት አላገኙም። የልብን፣ የትንፋሽንና የደምን ነገር ቢመረምሩም ጉድለቱን የሚያስረዳ ምክንያት ከዚያ አልተገኘም።

ልዩነቱ የተገኘው ከሌላ ስፍራ ነው። ጉናር ቦርግ የተባለ የስዊድን ሊቅ ያዘጋጀው አንድ መለኪያ አለ። በዚህ መለኪያ ሠራተኛው ወይም ስፖርተኛው «ሥራው ምን ያህል ከበደህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከ6 እስከ 20 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ይጠራል። 6 ምንም ድካም የለም ማለት ሲሆን 20 ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው። ፊደል ሲጠብቁ የቆዩት ሰዎች ገና መንዳት ሲጀምሩ የጠሩት ቍጥር ከሌላው ቀን ከፍ ያለ ሆነ። መንገዱ ያው፣ ጡንቻውም ያው ሲሆን፣ ሸክሙ ግን ከመነሻው ከብዶ ተሰማቸው፤ ስለዚህም ወደ መጨረሻው ቍጥር ቶሎ ደረሱ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፣ እዚህም ራስ ከደከመ እግር አይሄድም ማለት ይቻላል።

ይህ አሳብ ፈጽሞ አዲስ ነው ማለት ግን አይደለም። በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ ያስተምር የነበረው አንጄሎ ሞሶ በ1891 ስለ ድካም አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሞሶ የሠራው መሣሪያ የሰውን ክንድ አስሮ ይይዝና መካከለኛው ጣት ብቻ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ደጋግሞ እንዲያነሣ ያደርጋል፤ እያንዳንዱም ማንሣት በወረቀት ላይ ይመዘገባል። በዚህ መሣሪያ የሥራ ባልደረቦቹን ሲፈትን፣ ረጅም ትምህርት ሰጥተው ወይም ተማሪዎችን በቃል ሲፈትኑ ውለው የመጡ ሁለት ፕሮፌሰሮች ጣታቸው ቶሎ እንደሚዝል ተመለከተ። ፈተና የሚያደክመው ተፈታኙን ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይህን ቢሰማ ሳይጽናና አይቀርም።

ይሁን እንጂ ድካም ሁሉ ከራስ ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ የስዊድን ሐኪሞች ምስክሮች ናቸው። በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉት ሐኪሞች በራሳቸው ሰውነት ላይ ምርመራ አድርገው ውጤቱን አወጡ። በአንድ ቢስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ነዱ፤ ሁለተኛው እግራቸው ዐረፈ። ከዚያም በመርፌ ከጭናቸው ጥቂት ጡንቻ እየወሰዱ መረመሩ። በሠራው እግር ውስጥ ግላይኮጅን የሚባለው የተከማቸ ስኳር አልቆ ሲገኝ፣ ባረፈው እግር ውስጥ እንዳለ ነበር። በቀጣዮቹም ቀናት ስኳር የሚሰጥ ምግብ ሲበሉ የሠራው እግር ከቀድሞው የበለጠ አከማቸ።

በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዘጠኝ ሰዎችን በሦስት ዓይነት አመጋገብ ፈተኑ። ሥጋና ቅባት ብቻ ይበሉ በነበረበት ጊዜ በቢስክሌቱ ላይ የቆዩት 57 ደቂቃ ያህል ነበር፤ በተለመደው ድብልቅ ምግብ 114 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ እንደ ዳቦና እንደ ድንች ባለው ምግብ ግን እስከ 167 ደቂቃ ደረሱ። ስለዚህ ማገዶ ያለቀበት ምድጃ በምክር አይነድም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። በ2004 ግን በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ካርተርና አስከር ዩከንድሩፕ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው አስገራሚ ነገር አሳዩ። ዘጠኝ የሠለጠኑ ቢስክሌት ነጂዎች አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ውድድር ብቻቸውን እንዲነዱ ተደረገ። በየመካከሉ አፋቸውን ይጉመጠመጡና ይተፉታል እንጂ አይውጡትም። የሚጉመጠመጡት አንድ ቀን ውሃ፣ አንድ ቀን ደግሞ ማልቶዴክስትሪን የተባለ፣ ጣዕሙ እምብዛም የማይታወቅ የስታርች ስኳር የሟሟበት ውሃ ነበር። ጠብታ እንኳ ወደ ሆድ ሳይወርድ፣ በስኳሩ ቀን ከመቶ ሦስት ገደማ ፈጥነው ጨረሱ። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ ሲመለከት፣ ስኳሩ ምላስን ሲነካ ከሽልማትና ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ሲነቁ አገኘ። ጣፋጭ ሆኖ ማገዶነት በሌለው በሳካሪን ግን እንዲህ አልሆነም።

ነገሩ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። አንጎልን እንደ አንድ ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ቍጠሩት። ገንዘብ ያዡ ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አይከፍልም፤ ሳያልቅ በፊት መስኮቱን ይዘጋል። «ገንዘብ እየመጣ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ገንዘቡ ገና ከመንገድ ሳለ እጁን ይፈታል። በአፍ ውስጥ የገባው ስኳር ያ ወሬ ነው። ሊቃውንቱ ገንዘብ ያዡ እንዴት እንደሚወስን ገና ይከራከራሉ። የደቡብ አፍሪካው ቲም ኖክስ አንጎል ሰውነትን ከጉዳት ለመጠበቅ ሳናውቀው ልጓም ይይዛል ይላል፤ ማርኮራ ደግሞ ሰው የሥራውን ክብደትና የራሱን ፈቃድ እያመዛዘነ አውቆ ይተዋል ይላል። ሁለቱም ግን «አልችልም» የሚለው ቃል የሚወጣው ከጡንቻ ብቻ እንዳልሆነ ይስማማሉ።

እንግዲያስ ገንዘብ ያዡን መታዘዝ ይገባል ወይስ ማስገደድ? ለዚህ ሁለት ታሪክ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው የአንዲት ተማሪ ታሪክ ነው። በሐዋይ ደሴት በየዓመቱ በሚደረገው የትራያትሎን ውድድር ተወዳዳሪው 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፤ 180 ኪሎ ሜትር ቢስክሌት ይነዳል፤ በመጨረሻም አንድ ሙሉ ማራቶን ይሮጣል። በየካቲት ወር 1982 ጁሊ ሞስ የምትባል አሜሪካዊት ተማሪ በዚህ ውድድር ተሰለፈች። ምክንያቷም ሰውነት በስፖርት ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ለምትጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረጃ ለማግኘት ነበር። ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ወደ መጨረሻው ስትቃረብ ጕልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ ተነሣች፤ እንደ ገና ወደቀች። ጥቂት ሜትር ሲቀራት ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አሸነፈች። ሞስ ግን በእጇና በጕልበቷ እየዳኸች ከ29 ሴኮንድ በኋላ መስመሩን ነካች። እግር እምቢ ካለ በኋላ እንኳ ፈቃድ ጥቂት መንገድ እንደሚያስኬድ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ሁለተኛው ታሪክ ያሳዝናል። ቶም ሲምሰን እንግሊዛዊ ቢስክሌት ነጂ ነበር፤ በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሐምሌ 13 ቀን 1967 በፈረንሳይ ዙር ውድድር፣ በከባድ ሙቀት፣ የቫንቱን ተራራ ሲወጣ ከጫፉ ሳይደርስ ወደቀ። ቢስክሌቱ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ጥቂት ነድቶ ዳግመኛ ወደቀና ሞተ። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። በደሙ ውስጥ አልኮልና አምፌታሚን የሚባለው መድኃኒት ተገኘ። አምፌታሚን ጉልበት አይጨምርም፤ ድካም እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ። ገንዘብ ያዡ አፉን ታፍኖ ሣጥኑ እስከ ታች ተራቈተ። ለፈተና ሌሊቱን ለመንቃት ክኒን የሚፈልግ ተማሪ ካለ ይህን ተራራ ያስታውስ። የሞስ ፈቃድ ድካሟን እየሰማ የሄደ ነበር፤ የሲምሰን መድኃኒት ግን የማስጠንቀቂያውን ደወል ራሱን ቈረጠው።

ደግነቱ ገንዘብ ያዡን ሳያፍኑ ማለማመድ የሚቻል ይመስላል። በ2016 የታተመ የአውስትራልያ ጥናት 11 ባለሙያ ቢስክሌት ነጂዎችንና ለጤናቸው ሲሉ የሚነዱ 9 ሰዎችን አወዳደረ። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሲታይ ቃሉን ትተው ቀለሙን እንዲለዩ፣ ይህንም ለ30 ደቂቃ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ሲነዱ የጤና ነጂዎቹ ከሌላው ቀን አነሱ፤ ባለሙያዎቹ ግን ምንም አልቀነሱም። ይህ ጽናት ከተፈጥሮ ይሁን ወይም በብዙ ዓመት ልምምድ የመጣ ይሁን ጥናቱ አይለይም።

እንግዲህ ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። ዳገቱን ጧት፣ መዝገብ ሳይገለጥ ውጣ። ማታ ከሆነ ወንበሩ ላይ የጣልኸው ጉልበት እንዳለ ዐውቀህ በሜዳው ላይ ቀስ ብለህ ንዳ፤ በማታው ጉልበትህም ራስህን አትመዝን። ሳትበላ አትውጣ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ «አልችልም» ሲልህ አንድ ጊዜ ጠይቀው፤ ራስ ማዞር፣ ደረት ማመም ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለበት ግን አትከራከረው፤ ወርደህ ዕረፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንፍና የሚለውን ስም በራስህም በሌላም ላይ ለመለጠፍ አትቸኩል።

ይህን ሁሉ ባለቤቱ ባለችበት አነበብሁለት። እርስዋም በጥሞና ሰምታ ስታበቃ፣ «እነዚያ ሰዎች 90 ደቂቃ ፊደል ቢጠብቁ ደከሙ አልክ?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት። «እኔ የቤት ወጪ ሳሰላ፣ የሦስት ልጆች ደብተር ስቈጣጠር፣ ነገ ምን እንደሚበላ ሳስብ ቀኑን ሙሉ እውላለሁ። እንግዲያስ ቅዳሜ ጧት ቢስክሌቱ የእኔ ነው» አለች።

ወዳጄ ዝም አለ። እኔም በጥናቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መከራከሪያ ፈልጌ ስላጣሁ ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።