ከበረት የሚጀምር የጤና ስጋት፦ የወተት ላሞች አያያዝና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ለሆስፒታሎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደሉም። እ.አ.አ በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በእነዚህ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሕይወታቸውን እንዳጡ ተገምቷል፤ ከችግሩ ጋር የተያያዘው ሞት ሲደመር ደግሞ አኃዙ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። የችግሩ አንድ ምንጭ የሚገኘው በእንስሳት እርባታ ውስጥ ሲሆን፣ የወተት ላሞች በረት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል።

በወተት እርባታ አንቲባዮቲክ በብዛት የሚውለው ለጡት በሽታ ነው። ለአሥርተ ዓመታት በበርካታ አገራት የተለመደው አሠራር፣ ላም በምትነጥፍበት ወቅት የታመመችውንም ጤነኛዋንም ሳይለዩ በአራቱም ጡቶች መድኃኒት መጨመር ነበር። ይህ አሠራር በሽታን ቢከላከልም ባክቴሪያዎችን ያለ በቂ ምክንያት ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳል። ሁለተኛው ልማድ በሕክምና ላይ ካለች ላም የታለበውንና ለገበያ የማይውለውን ወተት ለጥጆች ማጠጣት ነው። ወተቱ ውስጥ የቀረው አነስተኛ መድኃኒት በጥጃው አንጀት ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ የተላመዱትን ያስቀራል። እነዚህም በእበት ወደ በረቱ፣ በፍግ ወደ ማሳ፣ በእጅና በልብስ ወደ ሠራተኛው ይሻገራሉ።

መፍትሔው መድኃኒትን መከልከል ብቻ እንዳልሆነ የኔዘርላንድስ ተሞክሮ ያስረዳል። አገሪቱ ለእርባታ እንስሳት የሚሸጠውን አንቲባዮቲክ ከ2009 ጋር ሲነጻጸር ከ70 በመቶ በላይ ቀንሳለች። እያንዳንዱ እርባታ የሚጠቀመው መጠን ተመዝግቦ ከሌሎች ጋር ይነጻጸራል፤ በነጠፈች ላም ላይም መድኃኒት የሚሰጠው በሽታ መኖሩ ሲታወቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2022 መጨረሻ አንስቶ አንቲባዮቲክን እንደ ዘወትር ልማድ መጠቀምን አግዷል። ይሁንና መድኃኒት ሲቀንስ ሌላው ሥራ መጨመር አለበት፦ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ንጹሕ የአላቢ እጅና ዕቃ፣ ጥጃው እንደተወለደ በቂ እንገር ማግኘቱ፣ የታመመን እንስሳ መለየት። በሽታን አስቀድሞ የሚከላከል በረት መድኃኒትም ብዙ አይፈልግም።

በዚህ ረገድ ዓለም አቀፉ ፖለቲካ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በመስከረም 2024 በኒውዮርክ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መግለጫ ከችግሩ ጋር የተያያዘውን የሰው ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ግብ ሲያስቀምጥ፣ ለእርሻው ዘርፍ ግን በቁጥር የተለካ ግብ አላስቀመጠም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በጅዳ የተካሄደው የሚኒስትሮች ጉባኤም የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤና በአንድነት እንዲታይ ጥሪ አቅርቧል። ጥሪው ተግባራዊ የሚሆነው ግን የእንስሳት ሐኪምና ቤተ ሙከራ ለገበሬው ሲቀርቡ ነው። ሐኪም በሌለበት መንደር መድኃኒትን በሕግ ብቻ መከልከል አነስተኛ አርቢውን ከነላሙ ለጉዳት ይዳርጋል።

ጉዳዩ በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በሚላክ ገንዘብ ቤተሰቡ ዲቃላ የወተት ላም የገዛ ጥቂት አይደለም። በኢትዮጵያ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ጥሬ ወተት መጠጣትም የተለመደ ነው። ወተትን ማፍላት መድኃኒት የተላመዱትን ጨምሮ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። በወተቱ የቀረውን መድኃኒት ግን በአብዛኛው አያስወግድም፤ እንዲህ ያለው ወተት በአግባቡ ላይረጋም ይችላል። ስለዚህ የታከመች ላም ወተት ሐኪሙ ያዘዘው የመታቀቢያ ጊዜ እስኪያበቃ ለሰው መቅረብ የለበትም፤ ለጥጃም መስጠቱ አይመከርም።

ለላም መግዣ ገንዘብ የሚልክ ሰው ለንጹሕ በረትና ለሐኪም ጉብኝት የሚሆነውንም አብሮ ቢያስብ ኪሳራ የለውም። የጡት በሽታ የወተቱን መጠን ይቀንሳልና፣ ለመከላከል የወጣው ገንዘብ በወተቱ ተመላሽ ይሆናል። ዛሬ ያለ ምክንያት ላም ላይ የሚባክነው መድኃኒት ግን ነገ ሕፃን ሲታመም ላያድን ይችላል።