ሳይጠሩት «አቤት» የሚለው ፕሮግራም

 በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ በየቀኑ ከእያንዳንዳችሁ ጊዜ ላይ የሚሸራርፍ በመሆኑ በዝምታ ማለፉ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ጉዳዩ ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም ሳያዛቸው አብረው ስለሚነሱ ፕሮግራሞች ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልግለጽ፦ እነዚህን ፕሮግራሞች ማወቅና ማስተዳደር ለቴክኒሻን ብቻ የተተወ ሥራ ሳይሆን እያንዳንዱ ተማሪ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችንም «አትንኩ» ከማለት ይልቅ «የሚነካው እንዲህ ነው» ብሎ ማስተማር ይኖርበታል።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላል ያገራችን ሰው። ኮምፒዩተሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚነሳው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ይህ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በመዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ ሌሎች ፕሮግራሞች ተከታትለው ይነሳሉ። ከእነዚህ መካከል ቫይረስ ተከላካዩን የመሳሰሉ የምንፈልጋቸው አሉ። የቀሩት ግን ሳይጠሯቸው አቤት የሚሉ ናቸው፦ እኛ የማንጠቀምበት የስብሰባ ፕሮግራም፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የማሽኑ የቀድሞ ባለቤት የተወው የፕሪንተር ረዳት፣ እንዲሁም «አዲስ ዕትም ወጥቶልኝ ይሆን?» እያለ በየጊዜው ኢንተርኔት የሚጠይቅ ማደሻ። በእርዳታ የሚመጡ ማሽኖች ብዙዎቹ ሌላ ሰው ሲሠራባቸው የቆዩ በመሆናቸው የዚያን ሰው ልማድ ሁሉ ተሸክመው ይመጣሉ።

«ይነሱ፤ ምን ያመጣሉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያመጡትን ለመረዳት የውኃ ቧንቧችንን ወረፋ ማሰብ ይበቃል። ቧንቧው ሳይከፈት በሌሊት መጥቶ አሥር ባዶ ጀሪካን ደርድሮ የሚሄድ ሰው ቢኖር፣ በሰዓቱ የመጣው ልጅ ውኃ የሚያገኘው መቼ ነው? የኮምፒዩተሩ ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ መጠኑ የተወሰነ ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ 4 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ላይ ዊንዶውስ ለራሱ የሚይዘው ጥቂት አይደለም። በቀረው ቦታ ላይ ሳይጠሩ የተነሱት ፕሮግራሞች ሲሰፍሩበት እናንተ ለምትከፍቱት የጽሑፍ ወይም የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ቦታ ይጠበዋል። ቦታ ሲጠበው ኮምፒዩተሩ ከራም ላይ ያለውን ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ነው። በተለይም በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው አሮጌው ዓይነት፣ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ የሚያነበው፣ አሥር ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ወዲያና ወዲህ ሲራወጥ ጊዜው ያልቃል። መዳፊቱን ስትጫኑ ማሽኑ የማይመልስላችሁ፣ ዲስኩ ግን «ክር ክር» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

እስቲ ነገሩን በሂሳብ እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ተከፍቶ ለሥራ እስኪረጋጋ 8 ደቂቃ ፈጀ እንበል። በአምስት ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ቁጥር ነው፤ የእናንተን ማሽን ትክክለኛ ቁጥር ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁ ድረሱበት። በቤቱ የራሱ ኮምፒዩተር ላለው ልጅ 8 ደቂቃ ሻይ የሚጠጣባት ጊዜ ናት። ለእኛ ግን፣ በአንድ ወንበር ላይ ሁለትና ሦስት ሆነን ተራ ለምንጠብቀው፣ የአንድ ተማሪ ሙሉ ተራ ልትሆን ትችላለች። ከሶላር የምናገኘው ኃይልም ሆነ በገንዘብ የምንገዛው ኢንተርኔት እንዲሁ ነው። ፋይሎችን ወደ ኢንተርኔት የሚገለብጥ ፕሮግራም ሳይታወቅ ሲሠራ ቢውል ለትምህርት የተገዛው ኢንተርኔት ሳንጠቀምበት ያልቃል።

ይህ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ዊንዶውስ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን «አውቶኤክሴክ» የሚባል አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነበር። ማሽኑ ሲከፈት እንዲነሳ የተፈለገው ሁሉ በዚያ ላይ በመስመር በመስመር ይጻፋል። ለፕሮግራሞች የተመደበው መደበኛ ማስታወሻ 640 ኪሎባይት ብቻ ስለነበረ ተጠቃሚው እያንዳንዱን መስመር እየመዘነ ማስገባት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ በስታርት ማውጫው ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚባል ማኅደር ነበረው። ከዚህም ሌላ ሬጂስትሪ በሚባለው የውስጥ መዝገብ ውስጥ ፕሮግራሞች ራሳቸው ስማቸውን የሚያስጽፉበት ቦታ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ስንጭን «ኔክስት፣ ኔክስት» እያልን ሳናነብ የምናልፈው ገጽ ብዙ ጊዜ ለዚህ ምዝገባ ፈቃድ የምንሰጥበት ነው። ድሮ ባለቤቱ እየመዘነ ያስገባ የነበረውን ዛሬ እንግዳው ራሱ ይገባል። እንደኔ እምነት የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ከመዘግየትም የከፋ ነገር አለ። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አብሮ መነሳት ቫይረስም አጥብቆ የሚሻው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው፣ «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስ ባለው ኢሜይል የተሠራጨው ቫይረስ፣ ስሙን በሬጂስትሪ መዝገብ ውስጥ እየጻፈ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲከፈት አብሮ ይነሳ ነበር። በ2008 መጨረሻ የታየው ኮንፊከር ደግሞ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው አሠራር ነበር። ማይክሮሶፍት ይህ አሠራር ለፍላሽ እንዳይሠራ ዊንዶውስ 7 ላይ ያስቀረው ሲሆን፣ በ2011 ደግሞ ለቀደሙት ለኤክስፒና ለቪስታ ማሻሻያ አወጣ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት እንደኛ ባለ ሠፈር፣ ማሽኑ ሲከፈት ማን ማን እንደሚነሳ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ እንግዳ ስም ሲገባ ቶሎ ያያል። የማያውቀው ግን ማሽኑ «አረጀ» ብሎ ይተወዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ስትጫኑ «ታስክ ማናጀር» ይከፈታል። በዊንዶውስ 10 ላይ ትንሽ ሳጥን ብቻ ከታየ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያም «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ ዝርዝሩን ታገኛላችሁ። የፕሮግራሙ ስም፣ የሠራው ድርጅት፣ ይነሳ እንደሆነና እንዳይነሳ የተደረገ እንደሆነ፣ እንዲሁም ማሽኑን ምን ያህል እንደሚጫነው «ሃይ»፣ «ሚዲየም»፣ «ሎው» ተብሎ ይታያል። «ሃይ» ከሚለው ጀምራችሁ መርምሩ። የማያስፈልገውን በቀኝ መዳፊት ተጭናችሁ «ዲስኤብል» በሉት። ውጤቱ የሚታየው ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ነው። ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ አልጠፋም። በፈለጋችሁት ጊዜ ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ «ኢኔብል» ብትሉትም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የተከለከለ ፕሮግራም ተመልሶ ከተነሳ ደግሞ በራሱ ማስተካከያ ውስጥ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ የሚያዘውን ምልክት ፈልጋችሁ አንሱት።

ነገር ግን ያገኙትን ሁሉ መዝጋት ጉብዝና አይደለም። ቫይረስ ተከላካዩን አትንኩ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ነፃ የደህንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። የድምፅና የስክሪን ረዳቶችንም ካላወቃችኋቸው ተዉአቸው። ማየት ለሚሳነው ጓደኛችሁ ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራም ካለ፣ ከማሽኑ ጋር መነሳቱ ለእሱ መግቢያ በሩ ነው። አማርኛ የምንጽፍበት ኪይማንም ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። «ምን እንደሆነ አላወቅሁትም» ብሎ የዘጋው ተማሪ በማግሥቱ አማርኛ መጻፍ ቢያቅተው ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትዝጉ፤ ስትዘጉም የዘጋችሁትን በደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ወይም ከሁለት አትበልጡ። እንዲህ ከሆነ ስህተት ቢፈጠር የቱ እንዳመጣው ይታወቃል።

«ተማሪ ከነካው ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። አንድ ማሽን ሲበላሽ ቴክኒሻኑ ከሎድዋር ወይም ከናይሮቢ እስኪመጣ ስንት ሳምንት እንደምንጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጥያቄውን ገልብጠን እንየው። ቴክኒሻኑ ሩቅ መሆኑ እኛ እንድንማር የሚያስገድድ ምክንያት ነው እንጂ እንዳንማር የሚያደርግ አይደለም። ደግሞም ከላይ እንዳየነው «ዲስኤብል» ማለት መሰረዝ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ራም ይጨመርበት፤ አዲስ ዲስክ ይገባበት» ይላሉ። እውነት ነው፤ አዲስ ዲስክ ቢገኝ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይረዳል። እየሞተ ያለን ዲስክም ምንም ዓይነት ጽዳት አያድነውም። ነገር ግን ዲስኩ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ ይህኛው ያለ አንዳች ወጪ የሚሠራ ነው። አዲሱ ዲስክ መጥቶም ቢሆን ዝርዝሩን የሚያነብ ከሌለ ሳይጠሩ የሚነሱት ቀስ በቀስ ይሞሉበታል።

በመሆኑም ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየተርሙ መጀመሪያ አንድ የኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመደብ። ለመላው ማሽን የተመዘገቡ ፕሮግራሞችን ለመዝጋት የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ መምህሩ አብሮ ይገኝ። በየማሽኑ ሁለት ተማሪዎች ይመደቡ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጻፍ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ገና የሚከብዳቸው ታናናሾች ትርጉሙን በአማርኛ የሚያገኙበት አንድ ወረቀት በግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ማሽኑ ለመነሳት የፈጀው ጊዜም በዚያው ወረቀት ላይ ይመዝገብ። ውጤቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን እናውቃለን፤ ብዙ ከሆነም ተጠቃሚዎቹ እኛው ነን።

ተማሪ ወገኖቼ! በካምፕ ሕይወት ውስጥ ወረፋውን፣ ራሽኑን፣ የመንገድ ፈቃዱን ሌላ ሰው ይወስንልናል። በዚህ ብዙ ማድረግ አንችልም። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ትንሽ ነገር ሌላ ይወስንልን ብለን መተው የለብንም። ከፊታችሁ ያለው ማሽን ሲከፈት ምን መጀመር እንዳለበት የመወሰን ችሎታ ከዚህ ካምፕ ስትወጡም አብሯችሁ የሚሄድ ነው። በሚቀጥለው የኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ማሽኑ እስኪረጋጋ ስትጠብቁ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ የማታውቁትን ስም ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ጠይቁ። እኔን ካገኛችሁኝ እኔን፣ ካላገኛችሁኝም ማንኛውንም የኮምፒዩተር መምህር።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።