ሜትሮው ስሜን አይጠይቅም

በኦፍ ቀኗ በአሠሪዋ መኪና መጥታ ሙራቃባት የምትወርድ ልጅ ስናይ «ታድላ!» እንላለን። በሐምሌ ሙቀት ኤሲ ያለው መኪና በር ድረስ ሲያደርስ ማን ይጠላል? እኔ ግን ኦፍ ስንወጣ በራሳችን መንገድ ብንሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። መኪናው ይመቻል፤ ችግሩ ወሬ ማቀበሉ ነው።

በመጀመሪያ ሹፌሩ አለ። እሱም እንደኛ ተቀጣሪ ነው። «የት አደረስካት? ማን ተቀበላት?» ብለው ሲጠይቁት ይናገራል፤ እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። ቀጥሎ ሳሊክ አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ታግ መኪናው በሩን ባለፈ ቁጥር ገንዘብ ይቆረጣል፤ የትኛውን በር በስንት ሰዓት እንዳለፈም በባለቤቱ አካውንት ላይ ይታያል። አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ራሳቸው ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ብዙዎቹ የቆሙበትን ቦታ በባለቤቱ ስልክ ያሳያሉ። ሞዚላ የሚባለው ድርጅት በ2023 የ25 መኪና አምራቾችን የግል መረጃ አያያዝ መርምሮ አንዱም አላለፈም ብሏል። ባለመኪናው እንኳ እንዲህ ከሆነ ከኋላ ወንበር የተቀመጥነው እኛ ምን ልንሆን ነው? ማዳም በራሷ አፕ የጠራችልሽ ታክሲም ያው ነው፤ የተሳፈርሽበትና የወረድሽበት ከነሰዓቱ እሷ ስልክ ላይ ይቀራል።

«ምን አለበት፣ ሌባ አይደለሁ» የምትል እህት ትኖራለች። እኔም ሌባ አልነበርኩም። በፊት በሠራሁበት ቤት ግን በማግስቱ «ሐበሻ ምግብ ቤት ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» ተብያለሁ። በያይነቱ በልተን ቡና ጠጣን፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ግን የት እንደምሄድ ሳስብ እኔ የምፈልገውን ትቼ ማዳም ምን ትላለች የሚለውን አስቀድም ነበር።

ይህ የቡና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ደመወዟ ለወራት የተያዘባት እህታችን በአሠሪዋ መኪና ውስጥ ሆና «እባክህ ቆንስላ ጋ አውርደኝ» ትላለች? ስለ ኮንትራቷ ልትጠይቅ፣ ሐኪም ልታማክር፣ ወይም እዚህ ማኅበራችን መጥታ የሆዷን ልትናገር የፈለገችስ? ሳሩን ያየ በሬ ገደሉን አላየም ይባል የለ? ነፃ ሊፍት የሚመስለው ነገር አንዳንዴ አቤት የምንልበትን በር ይዘጋብናል።

ሜትሮው ውስጥስ ካሜራ የለም ወይ? ሞልቷል። ጣቢያው ላይም፣ ባቡሩ ውስጥም፣ ታክሲው ውስጥም አለ። ማንም አያየንም አላልኩም። ቁም ነገሩ የሚያየን ማን ነው፣ ለማንስ ይነግራል የሚለው ነው። የጣቢያው ካሜራ ማዳምን አያውቃትም፤ ማታ ደውሎም አይነግራትም። ቪዛዬን ከያዘው ሰው ጋር አንድ ቤት አያድርም።

ብሩን ኖል ካርድ ስትገዢ ስም አትጠየቂም። ስምና ፎቶ ያለበት ሰማያዊው ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው በስሙ ያወጣውን ካርድ ከመያዝ በራስሽ ገንዘብ ብሩን ግዢ። ከአል ሪጋ ወይም ከሳላህ አል ዲን ጣቢያ ተነስተሽ በአንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ሁለት ዞን 5፣ ከዚያ በላይ 7 ከ50 ነው። የሴቶችና የልጆች ክፍልም አለው። ወደ ሻርጃና አጅማን ከዩኒየን አውቶቡስ አለ። ክሪኩን በአብራ ለመሻገር አንድ ድርሃም ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሚኒባስ ላይ «ወራጅ አለ!» ብለን ስንወርድ ረዳቱ የማን ልጅ ነሽ ብሎ እንደማይጠይቀን ማለት ነው።

ማታ ሲሆን ግን ደኅንነት ይቀድማል፤ ይህን አልክድም። ሴት ሹፌር የምትነዳው ጣሪያው ሮዝ የሆነ ታክሲ አለ። ያለሽበትን ቦታም ለአንዲት የምታምኛት እህት ላኪላት፤ የምትመርጫት ግን አንቺ ነሽ። ፈቃድ የሌለው ካር ሊፍት ርካሽ ቢሆንም አልመክርም። ሹፌሩ ስልክሽንና ሰፈርሽን ያውቃል፤ አንድ ነገር ቢደርስ ግን ማን እንዳሳፈረሽ የሚያሳይ መዝገብ የለም። እንዲህ ያለ ጊዜ መዝገብ መኖሩ ለኛው ይጠቅማል።

ሕጉም ባዶ እጃችንን አልተወንም። የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው ይሰጠናል፤ ፓስፖርታችንም እኛው ጋ እንዲሆን ያዛል። የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 በአንቀጽ 44 የሰውን ግላዊነት ለመጣስ ያለፈቃዱ ያለበትን ቦታ መከታተል ያስቀጣል ይላል። «ያለፈቃዱ» የምትለዋን ልብ በሉ። ዝም ብለን እሺ አንበል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ስልካችሁን ክፈቱ። ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ላይቭ ሎኬሽን የሚለውን እዩ። ጎግል ማፕ ላይም ፎቶአችሁን ነክታችሁ ሎኬሽን ሼሪንግ ውስጥ ማን እንዳለ ተመልከቱ። ስልኩን ማዳም ገዝታ በራሷ ኢሜይል ከፍታው ከሆነ ደግሞ ስልኩ የት እንዳለ ማየት እንደምትችል እወቁ።

ለማዳም ጠብ አያስፈልግም። «አመሰግናለሁ ማዳም፣ በሜትሮ እሄዳለሁ፤ ማታ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ» በቂ ነው። የምንመለስበትን ሰዓት መንገር ተገቢ ነው፤ ቤት የሚጠብቀን ሰው አለ። በመሃል የት እንደዋልን ግን የራሳችን ጉዳይ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ስንነሳም ስንተኛም የሚታየው በሰው ቤት ነው፤ ሰባተኛዋን ቀን ለራሳችን እናድርጋት።