ሁለት ቅጂ ያለው ውል

ውጫሌ ያደግን ሁሉ በ1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 እናውቃለን፤ አማርኛው ለፈቃድ የተወውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ወገኖች ሆይ፣ የአሜሪካዊው ሰባኪ የፓት ሮበርትሰን ፖለቲካም ሁለት ቅጂ ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ለፕሬዚዳንትነት ሲነሱ የአገልጋይነት ሹመታቸውን ተዉ፤ በ1988 በአዮዋ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ቡሽን ቀድመው 2ኛ ወጡ፣ እጩነቱ ግን አመለጣቸው። በዚህ አንፈርድም፤ አማኝም ይመረጣል። የሚያንገበግበን ወርቁ ነው። በ1999 ኩባንያቸው ከላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር መንግሥት ጋር የወርቅ ማዕድን ውል ተፈራረመ። በ2003 ቴይለር በሴራሊዮን ጦርነት ወንጀል ሲከሰስ፣ እኚሁ ሰባኪ ክርስቲያን መሪ ነው ብለው በቴሌቪዥን ተሟገቱለት። እጃቸው በገጀራ የተቆረጠው የሴራሊዮን ወንድሞችና እህቶችስ በየትኛው ቅጂ ላይ ተጻፉ?

እኛስ በምርጫ ሰሞን ጥቅስ ለሚጠቅስልን እጩ ሁሉ፣ ሁለተኛውን ቅጂ ሳናነብ «አሜን» እያልን አይደለም?